ከጌም ቤቱ በር ላይ የማይታየው፦ ስለ አኒሜ ፋይቲንግ ጌሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የምሄድበት አንድ ጌም ቤት አለ። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ጆይስቲክ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ሁሌም የኳስ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ድራጎን ቦል ወይም ናሩቶ ይከፈታል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ የሚያየው ይህን ሦስተኛውን ነው። ብርሃኑም ጩኸቱም ይስባል። አይቶ፣ አንድ ነገር ተናግሮ፣ መንገዱን ይቀጥላል።

እዚያ በር ላይ ለዓመታት የሰማኋቸውን አስተያየቶች ነው ዛሬ የማነሳው። ለማያውቅ አንባቢ፦ አኒሜ የጃፓን ካርቱን ፊልም ነው። የአኒሜ ፋይቲንግ ጌም ደግሞ የእነዚህን ፊልሞች ገጸ ባህሪያት ይዘው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። እኔ ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ። ስለዚህ ሲሳሳቱበት ዝም ማለት ይከብደኛል።

«ዝም ብሎ መጫን ነው»

በብዛት የምሰማው ይሄ ነው። ጆይስቲክ ይዞ ያገኘውን ሁሉ የተጫነ ያሸንፋል ይባላል።

ጨዋታው በሴኮንድ 60 ጊዜ ስዕል ይቀይራል። አንዷ ስዕል ፍሬም ትባላለች። እያንዳንዱ ምት ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ አስቀድሞ ተቆጥሮ የተወሰነ ነው፦ እጅ እስኪዘረጋ፣ ሲያገኝ፣ ወደ ቦታው እስኪመለስ። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣውን ድራጎን ቦል ፋይተርዚን እንውሰድ። ፈጣኑ ቀላል ምት እስኪያገኝ ከ6 እስከ 7 ፍሬም አካባቢ ይፈጃል። የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ሰው ግን በዓይኑ አይቶ እጁ እስኪታዘዝለት የሴኮንድ ሩብ ገደማ ያስፈልገዋል። በፍሬም 15 አካባቢ ነው። ስለዚህ ያንን ምት አይቶ መከላከል አይቻልም። ቀድሞ ማወቅ ነው ያለው።

ፔናሊቲ የሚጠብቅ በረኛን አስቡት። ኳሷ ከተመታች በኋላ ወዴት ልውደቅ ብሎ ቢያስብ አልፋዋለች። የመቺውን አረማመድ፣ የትከሻውን አቅጣጫ፣ ባለፈው ወዴት እንደመታ አስቦ ነው የሚወድቀው። ፋይቲንግ ጌም ላይ ይህ ውሳኔ በአንድ ዙር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ምርጫውም ብዙ ነው። ቁጭ ብሎ የሚከላከል ከላይ በሚመጣ ምት ይመታል። ቆሞ የሚከላከል እግሩ ላይ ይመታል። ሁለቱንም ዘግቶ የሚጠብቅ ደግሞ ይያዝና ይወረወራል። አጥቂው ሦስቱን እያቀያየረ የተጋጣሚውን ልማድ ይፈልጋል። ተከላካዩም የአጥቂውን። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ የምናወራው ይህንኑ ነው፦ «እሱ ከተነሳ በኋላ ሁሌ ይዘላል፣ ጠብቀው»። ጣት ሳይሆን ሰው ነው የሚጠናው።

ዝም ብሎ የሚጫን ልጅ አንድ ሁለት ዙር ያስቸግራል፤ ይህ እውነት ነው። የሚያውቅ ሰው ሲገጥመው ግን ብሎክ (መከላከያ) ይዞ ይጠብቀዋል። ምቱን እስኪስት። ከዚያ እጁ ሳይመለስ ይገባበታል።

አስተያየቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፋይተርዚ ላይ አንድ መጫኛ ደጋግሞ በመጫን ብቻ ያማረ ኮምቦ (የተከታታይ ምቶች ሰንሰለት) ይወጣል። ሠሪዎቹ አውቀው ነው ያስገቡት። አዲስ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን የፊልሙን ውበት እንዲያይ ነው። ግን ያ ኮምቦ በር መክፈቻ ነው። በ2018 ላስ ቬጋስ በተካሄደው ኢቮ በሚባለው ትልቁ የፋይቲንግ ጌም ውድድር በፋይተርዚ ብቻ ከ2,500 በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። በሶኒክፎክስ ስም የሚታወቁት አሜሪካዊ ተጫዋች ጃፓናዊውን ጎዋንን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ያንን ፍጻሜ አግኝታችሁ እዩት። ሁለቱም ለአፍታ ምንም ሳይጫኑ የሚጠባበቁበትን ቦታ ልብ በሉ።

«የህጻን ካርቱን ነው»

ካርቱን ሁሉ የህጻን አይደለም። ፋይተርዚ በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ አወጣጥ «ቲ» የሚል ፊደል ተሰጥቶታል፤ ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ከዚያም የባሰ ደም ያለባቸው አሉ። ስለዚህ ወላጅ ለስድስት ዓመት ልጁ «ካርቱን ነው» ብሎ ከመክፈቱ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለውን ፊደል ወይም ቁጥር ቢያይ ጥሩ ነው። በተቃራኒው የ25 ዓመት ሰው ሲጫወት አይቶ «አሁንም ልጅ ነህ?» ማለትም አያስኬድም።

«ስዕሉ ቀላል ነው፤ ግራፊክሱ እንደ ኳሱ አይደለም»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የኳስ ተጫዋቾቹ ናቸው። ኳሱ ላይ የተጫዋቹ ላብ ይታያል። የድራጎን ቦሉ ዋና ገጸ ባህሪ ጎኩ ግን ጥቁር መስመር ተደርጎለት በሁለት ቀለም የተቀባ ይመስላል። ስለዚህ ርካሽ ሥራ ነው ይላሉ።

እውነታው ሌላ ነው። ፋይተርዚ ላይ የምታዩት ጎኩ በወረቀት ላይ እንደተሳለ ቢመስልም ሙሉ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ነው። ልዩ ምት ሲመታ ካሜራው ዞሮ ጀርባውን የሚያሳየን ለዚህ ነው። የሠራው አርክ ሲስተም ወርክስ የተባለው የጃፓን ድርጅት ነው። ዘዴውን መጀመሪያ ያሳየው በ2014 በጊልቲ ጊር ኤክስአርዲ ነበር። ብርሃን በፊት ላይ እንደ ዕውነተኛ ሰው እንዲያርፍ ቢተዉት ካርቱንነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጥላው የት እንደሚወድቅ ባለሙያዎቹ በእጃቸው እያስተካከሉ ወስነዋል። እጅ ወደ ካሜራ ሲዘረጋ ተለቅ ያደርጉታል። ፊትም እንደ አንግሉ ይጎተታል፣ ይጠማዘዛል።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር በሁለት አቋሞች መካከል ያለውን ክፍተት ራሱ ሞልቶ ማለስለስ ይችላል። እነሱ ያንን አጠፉት። አንዱን አቋም ለጥቂት ፍሬም ያዙና በድንገት ወደ ሌላው ይቀይራሉ። በእጅ የተሳለ አኒሜ እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ፊልሙ በሴኮንድ 24 ስዕል ቢያሳይም ብዙ ጊዜ አንዱ ስዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ይቆያል። ያ መቆራረጥ ነው ምቱን ከባድ የሚያስመስለው።

ይህን ሳስብ ሁሌ ዘጌ ትዝ ይለኛል። በጀልባ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ግድግዳውን አይቷል። ትልልቅ ዓይኖች፣ ደማቅ ቀለም፣ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ክፉዎች ደግሞ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ዓይቶ ሠዓሊው ፊት መሳል አልቻለም የሚል የለም። ሥርዓት ነው፤ ትርጉም አለው። የቅዱሱን ሥዕል ከጨዋታ ጋር እኩል እያደረግሁ አይደለም። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥዕል እያየን ላደግን ለታና ዳር ሰዎች፣ እውነተኛ ሰው የማይመስል ሥዕል የድካም ምልክት እንዳልሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

«በፊልሙ ኃይለኛ የሆነ በጌሙም ያሸንፋል»

አዲስ ልጅ ጆይስቲክ ሲይዝ መጀመሪያ የሚመርጠው በፊልሙ የማይሸነፈውን ነው። ከዚያ በፊልሙ ከጎኩ በሚያንሰው በክሪሊን ይሸነፍና «ይሄ ጌም ተበላሽቷል» ይላል።

አልተበላሸም። ፋይተርዚ ላይ ጎኩም ክሪሊንም እኩል ጤና ይዘው ነው የሚገቡት። ልዩነቱ በሚያደርጉት ነገር ነው። እንዲህ ባይሆን ሰው ሁሉ አንድ ገጸ ባህሪ ይመርጥ ነበር። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አርክ ሲስተም ወርክስ በ2005 ሆኩቶ ኖ ኬን በተባለው ማንጋ (የጃፓን የስዕል ታሪክ መጽሐፍ) ላይ የተመሠረተ ጌም አውጥቶ ነበር። ቶኪ በማንጋው በጨረር የታመመ፣ ቀኑ የተቆጠረ ሰው ነው። በጌሙ ግን ከሁሉ ከሚፈሩት አንዱ ሆነ።

ግን ተቃራኒውም አለ። በጥቅምት 2024 (በፈረንጆቹ) የወጣው ስፓርኪንግ ዜሮ የተባለው የድራጎን ቦል ጌም ሲጀምር 182 ገጸ ባህሪያት ነበሩት። እዚያ ኃይላቸው ሆን ተብሎ እንዲበላለጥ ተደርጓል። የሚዛኑን ነገር በሌላ መንገድ ነው የፈቱት፦ እያንዳንዱ ገጸ ባህሪ ዋጋ አለው፤ በአንደኛው የውድድር ዓይነት ቡድንህ በድምሩ ከ15 ነጥብ መብለጥ አይችልም። ኃይለኛውን ከወሰድክ ብቻውን ወይም ከደካሞች ጋር ትገባለህ። እኔ ይሄኛውን መንገድ ይበልጥ እወደዋለሁ። ለፊልሙ ታማኝ ነው።

«ሁሉም አንድ ናቸው»

አይደሉም። ፋይተርዚ ላይ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በጎን ነው የሚታዩት፤ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሄዳሉ። ሳይበርኮኔክት2 ከ2008 ጀምሮ የሠራው ናሩቶ አልቲሜት ኒንጃ ስቶርም ግን ሜዳ ላይ ያስሮጣል። ካሜራው ከኋላ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ ትዞራለህ። መጫኛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ለምት፣ አንዱ ለቻክራ (ለኒንጃው ውስጣዊ ኃይል)፣ አንዱ ለመዝለል፣ አንዱ ለሹሪከን (ለሚወረወረው ስለት)። ስለዚህ ስቶርም ቀላል ይመስላል። እዚያ የጨዋታው ልብ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጠላትህ ሲመታህ በግንድ ተተክተህ ከጀርባው ትወጣለህ። ከ2012ቱ ጄኔሬሽንስ ጀምሮ ይህ መተካት በመጠን ተገድቧል። መተኪያውን ቶሎ የጨረሰ ሰው አለቀለት። ጥሩ ተጫዋች የራሱን ቆጥቦ የሌላውን ያስጨርሳል።

ሌላው መደባለቅ የስም ነው። ጊልቲ ጊርን ሰዎች «አኒሜ ጌም» ይሉታል። ከየትኛውም አኒሜ የመጣ ግን አይደለም፤ ስዕሉ ስለሚመስል ነው። ቴከንም እንደዚያው መነሻው ራሱ ጌሙ ነው።

«ስልኬ ላይ ስፓርኪንግ ዜሮ አለኝ»

ይህን የሚሉኝ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ በፍቅር ነው የምመልሰው። በቴሌግራም የሚዞረው ፋይል ስሙም ምስሉም የአዲሱ ጌም ነው። ውስጡ ግን በ2010 ፒኤስፒ ለተባለው በእጅ ለሚያዝ የጌም መሣሪያ የወጣው ቴንካይቺ ታግ ቲም ነው። ደጋፊዎች ገጸ ባህሪያቱንና ሜኑውን ቀይረውታል። በስልክ የሚከፈተውም ፒፒኤስኤስፒፒ በሚባለው ኢሙሌተር (የፒኤስፒን ጌም በስልክ የሚያስከፍት አፕ) ነው። ስፓርኪንግ ዜሮ ሲወጣ የተዘጋጀው ለፒኤስ5፣ ለኤክስቦክስ ሲሪስ እና ለኮምፒውተር ነበር፤ ለስልክ አልነበረም።

ልጆቹ ተታልለዋል ብዬ መናቅ አልፈልግም። ኮንሶል (እንደ ፒኤስ5 ያለ የጌም መሣሪያ) የሌለው ልጅ በዚያ ፋይል የተማረው ርቀትና ሰዓት ጌም ቤት ሲመጣም ይጠቅመዋል፤ አይቻለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፋይሉን ለመክፈት ሌላ አፕ ጫን፣ ስልክ ቁጥርህን አስገባ የሚል ነገር ከመጣ ተዉት።

«ልጆቹን ተደባዳቢ ያደርጋል»

ይህን ጥያቄ ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመታ እያየህ ልብህ አይደነድንም ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የሚገባ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ጉዳዩን መልሶ አይቶ ነበር። ዓመፅ ያለባቸውን ጌሞች ከእውነተኛ የዓመፅ ድርጊት ጋር የሚያያይዝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ግን እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጥቃቅን የቁጣ ባህሪያት ጋር ትንሽ ግንኙነት መኖሩንም አልካደም። ሁለቱንም ነገርኳት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ሁለት ልጆች ሲጋጠሙ አየች። አንደኛው ተሸነፈ። ጆይስቲኩን ለተረኛው ሰጠና አሸናፊውን «ያቺን ከላይ የመጣችዋን እንዴት አደረግካት?» ብሎ ጠየቀው። አሸናፊው ጣቱን እያሳየ አስተማረው። እናቴ ምንም አላለችም። ስንወጣ ግን «ይሄ ፀጉሩ የቆመው ልጅ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አኒሜውን ያላየ አይችለውም»

እናቴ አላየችውም። ከጌም ቤቱ እስከ ታና ዳር በእግራችን ስንሄድ ጎኩ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ጓደኛው ክሪሊን ስንት ጊዜ እንደሞተበት ነገርኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ውስጥ ስጫወት አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ጎኩን ስመርጥ «ክሪሊንን ውሰደው» አለችኝ።