የናሽቪል ዘፈን ደራሲ «ድሮ» ምንድን ነው?

ኬኒ ሮጀርስ የዘፈነውን «ዘ ጋምብለር» የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ዶን ሽሊትዝን የሚያውቅ ግን ጥቂት። ሽሊትዝ ዘፈኑን በ1976 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሲጽፍ 23 ዓመቱ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆኖ ያድር ነበር። የኬኒ ቅጂ የወጣው በ1978 ነው። እስከዚያ ደራሲው ምን ይብላ? የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ መዲና ናሽቪል ያበጀችው መላ «ድሮ» ይባላል (የእንግሊዝኛው draw ነው፤ ከእኛ ድሮ ጋር ዝምድና የለውም)።

ድሮ የሙዚቃ አሳታሚ (የዘፈኑን መብት ይዞ ለዘፋኞች የሚያቀርብ ድርጅት) ለደራሲ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚቆርጥለት ገንዘብ ነው። ደመወዝ ይመስላል እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ ወደፊት ከሚመጣ ሮያሊቲ (ዘፈኑ በተሸጠና በተሰማ ቁጥር ከሚከፈል ድርሻ) ላይ የሚቀነስ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ዘፈኖቹ ምንም ባያስገቡ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ አይመልስም፤ ሂሳቡ እስኪዘጋ ግን አሳታሚው የሚሰበስበውን ሮያሊቲ አያይም። የዲሞ (ለዘፋኝ ማሳያ የሚሆን ናሙና) ማስቀረጫ ወጪም፣ ቢያንስ ግማሹ፣ እዚያው ላይ ይጻፍበታል።

ድሮ ያላገኘ ዘፈኑን እስከነመብቱ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ዊሊ ኔልሰን ሂውስተን ሳለ «ፋሚሊ ባይብል»ን በ50፣ «ናይት ላይፍ»ን በ150 ዶላር ሸጧል። በ1960 ናሽቪል ገባ፤ ፓምፐር ሙዚክ የተባለ አሳታሚ በሳምንት 50 ዶላር ቆረጠለት። ያም የተቻለው እዚያው የሚሠራው ሃንክ ኮክራን ለራሱ ሊጨመርለት የነበረውን 50 ዶላር ስለተወለት ነው። በ1961 ፌረን ያንግ «ሄሎ ዎልስ»ን፣ ፓትሲ ክላይን «ክሬዚ»ን ዘፈኑለት።

ሂሳቡን እንይ። አንዲት ደራሲ በወር 2,000 ዶላር ትወስዳለች እንበል፤ በዓመት 24,000። ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር የጻፈችው ዘፈን 100,000 ቅጂ የተሸጠ አልበም ውስጥ ገባ። ለዘፈኑ በሕግ የተወሰነው ክፍያ ከ2006 እስከ 2022 በቅጂ 9.1 ሳንቲም ላይ ቆሞ ከርሞ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ ብሏል፤ በ2023ቱ ተመን ብናሰላ 12,000 ዶላር ነው። ለሦስት ሲካፈል 4,000። በተለመደው ውል ግማሹ የአሳታሚው ስለሆነ 2,000 ይቀራታል፤ እሱም ከዕዳዋ ላይ ይቀነሳል። መቶ ሺህ ቅጂ የአንድ ወር ድሮ ከፈለላት ማለት ነው።

የሚያወጣት ሬዲዮ ነው። በአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያ ለዘፋኝ አይከፍልም፤ ለደራሲና ለአሳታሚ ግን እንደ ቢኤምአይና አስካፕ ባሉ ሰብሳቢዎች በኩል ይከፍላል። የደራሲዋ ድርሻ በቀጥታ ለራሷ ስለሚላክ በአብዛኛው ለድሮው አይያዝም። ለዚህ ነው «አልበም ውስጥ ገባልኝ» እና «በነጠላ ወጣልኝ» የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁት፤ ሬዲዮ በብዛት የሚያጫውተው በነጠላ የወጣውን ነውና።

በድሮው ውል ውስጥ ኮታም አለ፤ ብዙ ጊዜ በዓመት 12 «ሙሉ» ዘፈን። ጣጣው «ሙሉ» የሚለው ላይ ነው። በሁለት ሰው የተጻፈ ግማሽ፣ በሦስት የተጻፈ ሲሶ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሁልጊዜ በሦስት የሚጽፍ 36 ዘፈን ማስረከብ አለበት። ካልሞላ የውሉ ዘመን ሊራዘም ይችላል። ድሮውም አብሮ ይራዘም እንደሆነ ከመፈረም በፊት ማየት ነው።

እኛ ዘንድ ካሴቱ ላይ «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ» ይባላል። የናሽቪል ደራሲዎች ግን ረፋድ ላይ አሳታሚው ግቢ ጠባብ ክፍል ገብተው፣ ጊታር ይዘው፣ መጀመሪያ ርዕስ ይፈልጋሉ፤ አዝማቹ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። በልማዱ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ እኩል ይካፈላል፤ አንዱ ያመጣው ርዕሱን ብቻ ቢሆንም።

ከዚያ ዘፋኝ ይወደውና «ያዙልኝ» ይላል፤ «ሆልድ» የሚሉት ነው። አሳታሚው ለሌላ አያሳየውም፤ ክፍያ ግን የለውም። ወራት ያልፉና አልበሙ ሲወጣ ዘፈኑ የለበትም። በእነዚያ ወራት የተወሰደው ድሮ ሂሳቡ ላይ ተደምሯል።