ዋስትና እና «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው ቃል በአሜሪካ የወንጀል ችሎት

የአሜሪካ ወንጀል ችሎት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን በጁሪ (ፍርድ ለመስጠት ከተራው ሕዝብ በተመረጡ ሰዎች) ፊት የሚካሄድ ረጅም ክርክር ነው። አብዛኛው መዝገብ ግን እዚያ አይደርስም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሰፈረው፣ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ ከክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ 94 በመቶው የሚመጣው ተከሳሹ ራሱ ጥፋቱን ሲያምን ነው።

ከዚያ በፊት ግን የዋስትና ጉዳይ አለ። ችሎቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ዳኛው በዋናነት ሁለት ነገር ይመዝናል፦ ይህ ሰው በቀጠሮው ይቀርባል? ቢለቀቅስ ሰው ይጎዳል? የክሱን ክብደት፣ የቀድሞ ሪከርዱን፣ ሥራና ቤተሰቡን ያያል። ከዚያ በፊርማ ብቻ ሊለቀው፣ ገንዘብ ሊያስይዘው ወይም ዋስትና ሊከለክለው ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ ከልክ ያለፈ ዋስትናን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ለአንዱ ኪስ ቀላል የሆነው ሌላውን እስር ቤት ያስቀረዋል። 10,000 ዶላር አስይዝ የተባለ ሰው ገንዘቡ ከሌለው በክፍያ ዋስ ወደሚሆንለት የዋስትና ድርጅት ይሄዳል። በብዙ ቦታ 10 በመቶውን ማለትም 1,000 ዶላር ይከፍላል፤ በነፃ ቢለቀቅም ክፍያው አይመለስለትም። ኢሊኖይ በ2023 የገንዘብ ዋስትናን ሙሉ በሙሉ በማስቀረት የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆናለች።

ተከሳሹ «ጥፋተኛ ነኝ» ሲል ዳኛው ዝም ብሎ አይቀበለውም። በፌዴራል ፍርድ ቤት መጀመሪያ ያስምለዋል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ዛሬ አእምሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወስደዋል? ያስፈራራዎት ሰው አለ? በጁሪ የመዳኘት መብትዎን እንደሚተዉ ገብቶዎታል?» የሠራውን ድርጊትም በራሱ አንደበት እንዲናገር ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

እኔ ከሁሉም የሚከብደኝ «በፈቃድዎ ነው?» የሚለው ነው። ዋስ አጥቶ ለታሰረና «ካመንክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ለተባለ ሰው መልሱ ቀላል አይደለም። ዳኛው እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ከ2010 ጀምሮ ጠበቃው ጥፋቱን ማመኑ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት። ከ2013 መጨረሻ ወዲህ የፌዴራል ዳኞችም ይህንኑ ያስጠነቅቃሉ።

ዳኛው «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለውን ቃል አንዴ ከተቀበለ በኋላ ሐሳብ መቀየር ይከብዳል። ቅጣቱ ከመነገሩ በፊት በቂና ፍትሐዊ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል። ከተነገረ በኋላ መንገዱ በጣም ጠባብ ነው።