የጂኤልፒ-1 ሪሴፕተር ምንድን ነው?

«ሆርሞኑ በሪሴፕተሩ በኩል ሴሉ ውስጥ ይገባና ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ያዛል።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ። ስንት ጊዜ እንደሰማነው! ሁለት ስህተት አለበት፤ ሁለተኛው ስህተት ሰውን ይጎዳል።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሪሴፕተሩ በር አይደለም። የሴሉን ሽፋን 7 ጊዜ አቋርጦ የተቀመጠ ፕሮቲን ነው። ከአንጀት የመጣው ጂኤልፒ-1 የተባለው ሆርሞን ከውጭ በኩል ይጣበቅበታል። ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ይበዛል። ለዚህ ሆርሞኑ መግባት አያስፈልገውም።

ዋናው ጉዳይ «ያዛል» የምትለዋ ቃል ናት። ቤታ ሴል (ኢንሱሊን የሚያመርተው የቆሽት ሴል) ላይ ያለውን ሪሴፕተር እንደ ድምፅ ማጉያ አስቡት። ማይኩን ይዞ የሚናገረው ስኳር ነው። የደም ስኳር ሲጨምር ግሉኮስ ሴሉ ውስጥ ይቃጠላል። የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፤ ካልሲየም ይገባል፤ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይህን ያጎላዋል እንጂ አይጀምረውም። ስኳር ዝቅ ብሎ ዝም ካለ፣ ማጉያውን እስከ ጥግ ብትከፍቱትም ይህ ነው የሚባል ድምፅ አይወጣም። ይህንኑ ሪሴፕተር የሚያነቃቁት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መድኃኒቶች ብቻቸውን ሲወሰዱ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድላቸው አነስተኛ የሆነው ለዚህ ነው።

«ብቻቸውን» የምትለዋን አትዝለሏት። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር በሽታ ኪኒኖች ስኳር ዝም ባለበት ሰዓትም እነዚያኑ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ። ማይኩን ከስኳር ነጠቁት ማለት ነው። ማጉያው ደግሞ ማን እንደሚናገር አይመርጥም። ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሞች ሁለቱን አብረው ሲያዝዙ የኪኒኑን መጠን ብዙ ጊዜ የሚቀንሱት ለዚህ ነው። ሪሴፕተሩ «ያዛል» ብሎ የሚያስተምር ሰው ይህን አደጋ ይሸፍነዋል።

እነ ሴማግሉታይድ የምግብ ፍላጎት መቀነሳቸውን ግን በኢንሱሊን አታሳብቡ። እሱ በዋናነት አንጎል ውስጥ ባሉት ሪሴፕተሮች በኩል የሚመጣ ነው፤ የማጉያው ምሳሌም እዚያ አይሠራም።

ሪሴፕተሩ «እዚህም እዚያም ተገኘ» የሚሉ የቆዩ ጥናቶችን ደግሞ በጥንቃቄ አንብቡ። ለፍለጋው ያገለገሉ በርካታ አንቲቦዲዎች (የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይተው እንዲጣበቁበት የሚጠበቁ ሞለኪውሎች) አስተማማኝ አልነበሩም። ሪሴፕተሩ ጭራሽ እንዳይኖራቸው በተደረጉ አይጦች ላይ እንኳ «አለ» የሚል ምልክት ሰጥተዋል። ትክክለኛው የአይጥ ውጤትም ቢሆን በቀጥታ ለሰው አይሠራም፤ ሲ ሴሎች በተባሉት የአይጥ ታይሮይድ ዕጢ ሴሎች ላይ ሪሴፕተሩ በብዛት ሲገኝ በሰው ላይ ግን እጅግ ያነሰ ነው።