ዶስቶየቭስኪ፦ ሕይወቱ፣ ሥራዎቹና አና

ፊዮዶር ሚኻይሎቪች ዶስቶየቭስኪ (1821–1881) ሩሲያዊ የልብ ወለድ ደራሲ ነው። “ወንጀልና ቅጣት”፣ “ቂሉ”፣ “አጋንንት” እና “የካራማዞቭ ወንድማማቾች” የእሱ ናቸው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወርና ቀኑ ግን ሩሲያ ያኔ ትጠቀምበት በነበረው በድሮው ካላንደር ነው።

የተወለደው ሞስኮ፣ አባቱ ሐኪም በነበረበት የድሆች ሆስፒታል ግቢ ነው። እናቱ በ1837 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተላት። ገባሮቹ ገደሉት ይባላል፤ በድንገተኛ ሕመም ነው የሞተው የሚሉም አሉ። ልጁ ፒተርስበርግ ውስጥ ወታደራዊ ምህንድስና ቢማርም ልቡ ከመጻሕፍት ጋር ነበር። በ1846 የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ታትሞ በአንዴ ስም አወጣ።

በ1849 ፔትራሼቭስኪ በሚባል ሰው ቤት እየተሰበሰቡ የተከለከለ ጽሑፍ ያነባሉ ተብለው ከተያዙት አንዱ ሆነ። ታኅሣሥ 22 በሴሚዮኖቭ አደባባይ የሞት ፍርድ ተነበበባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንጨት ላይ ታሰሩ፤ እሱ ከቀጣዮቹ ተረኞች ነበር። ወታደሮቹ ካነጣጠሩ በኋላ የንጉሡ ምሕረት ደረሰ። ነገሩ ሁሉ ለማስፈራራት አስቀድሞ የተዘጋጀ ትያትር ነበር። ከዚያ አራት ዓመት በእግር ብረት ሳይቤሪያ ውስጥ ኦምስክ እስር ቤት፣ ቀጥሎም ተራ ወታደር ሆኖ ሴሚፓላቲንስክ። ፒተርስበርግ የተመለሰው በ1859 መጨረሻ ነው።

1864 ክፉ ዓመት ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ማሪያ እና ወንድሙ ሚኻይል ሞቱበት። የወንድሙም ዕዳ በላዩ ላይ ወደቀ። አበዳሪዎቹ በር በሩን ሲያንኳኩ ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ 3000 ሩብል ተቀበለ። ውሉ ጉድ ነው። እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ሰባራ ሳንቲም ሳይከፍል ያትማል። ጥቅምት ሲገባ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

አና ግሪጎሪየቭና ስኒትኪና የመጣችው ጥቅምት 4 ነው። ዕድሜዋ ሃያ፣ ሙያዋ አጭር ጽሕፈት፤ የሚነገረውን በምልክት በፍጥነት መያዝ። ስለ ቀጣዮቹ ዓመታት ይህን ያህል የምናውቀው እሷ ማስታወሻ ስለጻፈች ነው። መጀመሪያ ቀን ሲጋራ ጋበዛት፤ አላጨስም አለችው። ስሟን እየረሳ ደጋግሞ ጠየቃት። በጥድፊያ አስጽፏት አንድ ነጥብ ብትዘል ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ግን ተግባቡ። ቀን እሱ ይናገራል፣ እሷ ትይዛለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ በንጹሕ ትገለብጣለች። “ቁማርተኛው” በ26 ቀን አለቀ። ስቴሎቭስኪ ሆን ብሎ ከከተማ ስለወጣ ደራሲው ጽሑፉን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ።

ጋብቻውን የጠየቃት ልብ ወለድ እያወራ ነው። ያረጀ፣ የታመመ፣ ዕዳ ያለበት ሠዓሊ አንዲት ወጣት ወደደ፤ እሷ ልትወደው ትችላለች ወይ? አና ገባት። የካቲት 1867 ተጋቡ።

ከአበዳሪ ሽሽት ወደ አውሮፓ ሄደው አራት ዓመት ቆዩ። ዶስቶየቭስኪ ሩሌት በሚባለው ቁማር ክፉኛ ተበላ። የአና የጋብቻ ቀለበትና የጆሮ ጌጧ ሳይቀር መያዣ ገባ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሶንያ ጄኔቫ ተወልዳ በሦስት ወሯ ሞተች። “ቂሉ” የተጻፈው በዚህ መሃል ነው። በ1871 ቁማሩን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሰበቡ ብዙ ያከራክራል፤ የአና ትዕግሥት ግን ድርሻ የለውም ማለት ይከብዳል።

ሩሲያ ሲመለሱ ገንዘቡን አና ያዘች። በ1873 “አጋንንት”ን ራሳቸው አሳትመው ከቤታቸው ሸጡ። ከመጻሕፍት ቤት ተላላኪዎች ጋር ቅናሽ የምትከራከረው እሷ ነበረች። ደራሲውን ከአሳታሚ ጥገኝነት ያላቀቀችው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1878 ትንሹ ልጃቸው አሊዮሻ በሚጥል በሽታ ሞተ፤ አባትየውም የሚታመመው ይህንኑ በሽታ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ከፈላስፋው ሶሎቪዮቭ ጋር ኦፕቲና ገዳም ወርዶ አባ አምቭሮሲን አገኘ። ለኦርቶዶክስ አንባቢ ይህ ክፍል ሩቅ አይደለም። “የካራማዞቭ ወንድማማቾች” ውስጥ ያሉት መነኩሴ ዞሲማ የእኚህ አባት ጥላ አለባቸው፤ የጀግናውም ስም አሊዮሻ ነው።

ሰኔ 1880 ሞስኮ ላይ ስለ ሩሲያዊው ባለቅኔ ፑሽኪን ያደረገው ንግግር አዳራሹን አስለቀሰ። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ የተወሰደ ነው። ካሜሩን ውስጥ ካለችው ሎጎን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኛ ግን የእኛ ሰው ነው ብለን አዲስ አበባ ላይ ለፑሽኪን አደባባይ ሰይመንለታል።

ዶስቶየቭስኪ ጥር 28 ቀን 1881 ሞተ፤ በአሌክሳንደር ኔቭስኪ ገዳም ተቀበረ። አና በ34 ዓመቷ መበለት ሆና ሌላ አላገባችም፤ መጻሕፍቱን እያሳተመች ኖራ በ1918 ያልታ ሞተች። አፅሟ ወደ ባሏ መቃብር የመጣው በ1968 ነው። የፒተርስበርጉ መኖሪያቸው ከ1971 ጀምሮ ሙዚየም ሲሆን፣ በሞስኮ፣ በኦምስክና በስታራያ ሩሳም ሌሎች አሉ። በሴሚፓላቲንስክ ያለው ዛሬ ካዛኪስታን ውስጥ ነው፤ ከተማዋም ሴሜይ ተብላለች።