ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የመውደቅ ፍርሃት ምንድን ነው?

ስትሮክ የመታው ሰው ቤቱ ሲገባ ሁሉም የሚጠይቀው እጁ ተንቀሳቀሰ ወይ፣ እግሩ ረገጠለት ወይ ነው፣ ፈርተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ግን ብዙም የለም። የመውደቅ ፍርሃት የሚባለው ሰውዬው እወድቃለሁ ብሎ ሲሰጋ አቅሙ የሚችለውን ነገር እንኳን መተው ሲጀምር ነው፣ አንዴም ወድቆ የማያውቅ ሰው ሊይዘው ይችላል።

ስጋቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አንድ ጎን ይደክማል፣ የእግሩ ጣት ቀና አልል ብሎ ወለሉን ይጎትታል፣ አንዳንዱ በአንድ በኩል ያለው ነገር አይታየውም፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስደው ደግሞ ከአልጋ ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ቤት ውስጥ ነው፣ ሲራመድ፣ ዞር ሲል፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዛወር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የፈራ ሰው ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል ሚዛኑም ይበላሻል፣ ልራመድ ሲል ደግሞ ከፍርሃቱ የተነሳ ሰውነቱ ግትር ይላል፣ እርምጃው ያጥራል፣ እና ያ የፈራው መውደቅ ይበልጥ ይቀርበዋል። ቤተሰብም "አንተ ቁጭ በል እኔ አመጣልሃለሁ" እያለ በፍቅር ያባብሰዋል።

በተቃራኒው ምንም የማይፈራም አለ፣ በተለይ የቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው አንዳንዴ ድክመቱ ራሱ አይታወቀውም፣ ይበልጥ በአይን መጠበቅ ያለበት እሱ ነው። ለዚህ ነው ፍርሃቱና አደጋው ለየብቻ የሚለኩት። በ1990 እ.ኤ.አ. ሜሪ ቲኔቲ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው መጠይቅ 10 የቤት ውስጥ ነገሮችን ሳትወድቅ ለመስራት ምን ያህል በራስህ ትተማመናለህ ብሎ ይጠይቃል፣ የበርግ የሚባለው የሚዛን ፈተና ግን 14 እንቅስቃሴ አሰርቶ ከ56 ያርማል።

መፍትሄው መቀመጥ አይደለም፣ ከፊዚዮቴራፒስት ጋር መለማመድ ነው፣ ከወንበር መነሳት፣ መዞር፣ ወድቆም ከወለል እንዴት እንደሚነሱ ጭምር (ይሄን የተማረ ሰው ፍርሃቱ ሲቀልለት ይታያል)። ከዘራ በደህናው እጅ ነው የሚያዘው፣ የምትደግፉት ሰዎች ደግሞ በደከመው ጎን ቁሙ፣ የደከመውን እጅ ግን ይዛችሁ እንዳትጎትቱ፣ ትከሻው ይጎዳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።