የቢራቢሮ ፀሐይ መሞቅ ምንድን ነው?

ኅዳር ላይ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በማለዳ የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። አንዳንዴ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። 12 ሰዓት ላይ ወፉ ሁሉ ተነስቶ ይንጫጫል። ቢራቢሮ ፍለጋ ከመጣችሁ ግን ወፍ የለም! ቢያንስ እስከ 3 ሰዓት ድረስ።

ነገሩ የሰውነት ሙቀት ጉዳይ ነው። ወፍ እንደ እኛው ሙቀቷን ከውስጥ ታመነጫለች፤ ውጭው በረደም አልበረደም ሰውነቷ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቢራቢሮ ሰውነት ግን ሌሊቱን ከአየሩ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ደግሞ በደንብ የሚሠራው ሲሞቅ ነው፤ ለብዙዎቹ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ። ያን ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ነው። አጥር ተደግፈው ጠዋት ፀሐይ ከሚሞቁ አባቶች የምትለየው፣ እሷ ካልሞቀች መብረር ስለማትችል ነው።

አሟሟቁም ዓይነት አለው። ብርቱካንማ ክንፍ ያላት፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ሜዳው ላይ አትጠፋም። እሷ ድንጋይ ወይም ባዶ መሬት ላይ ታርፍና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ክንፏን ልጥጥ ታደርጋለች። ቢጫዋ ግን ክንፏን አትከፍትም። ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ ወደ አንድ በኩል ጋደል ብላ ጎኗን ታሞቃለች። በሁለቱም ዋናውን ሥራ የሚሠራው የክንፉ ሥር ነው፤ ጫፉ የሰበሰበው ሙቀት ደረቷ ድረስ እምብዛም አይዘልቅም።

ቀርቦ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ገና ስላልሞቀች ቶሎ አትነሳም። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ የአንቴናዋን ጫፍ እብጠት ሳይቀር ማየት ትችላላችሁ። ጥላችሁን ብቻ አታሳርፉባት። ጥላ ከነካት ወይ ክንፏን ታጥፋለች፣ ወይ እንደምንም ተነስታ ትሄዳለች። ደመና ሲያልፍም ብዙዎቹ ክንፋቸውን እጥፍ ያደርጋሉ።

ንብ ሌላ ዘዴ አላት። ክንፏን ሳታርገበግብ የበረራ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ራሷን ታሞቃለች።

ወፎችስ? አንዳንዶቹ ሙቀት ሳያንሳቸውም ፀሐይ ይወዳሉ። ጥንብ አንሳ ጠዋት ክንፉን ዘርግቶ ይቆማል። በከተማው ግቢዎች በመንጋ የሚታዩት፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም ቡናማ ወፎች ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ቅጠል ስለሚበሉ፣ ሙቀቱ ለመፍጨት ያግዛቸዋል ተብሎ ይታሰባል። ሲያዩዋቸው ግን የሰነፍ ስብሰባ ነው የሚመስሉት።

ቀትር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቢራቢሮዋ ፀሐይ እንዳይበዛባት ክንፏን ዘግታ ጠርዙን ብቻ ወደ ፀሐይ ታዞራለች፤ ወይም ጥላ ውስጥ ትገባለች። ፎቶ ለማንሳት ያሰበ ሰው እስከ 4 ሰዓት ካልጨረሰ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ሩጫ ነው።