ሦስተኛው ቀን፦ ሆስፒታል የተኙ የአልሰሬቲቭ ኮላይትስ ሕሙማን ሕክምና

አልሰሬቲቭ ኮላይትስ የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚቆጣበትና የሚቆስልበት በሽታ ነው። ከፊንጢጣ ይጀምርና ወደ ላይ ይዘልቃል። አይተላለፍም። ጥፋቱ የሚመጣው ከራሱ ከሰውነት መከላከያ ነው።

እኛ ዘንድ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አሜባ ነው። ሜትሮኒዳዞል ይገዛል፣ ፌጦ ይሞከራል፣ ሻል ሲል ይረሳል። አንዳንዱ ሰው ወራት ካለፉ በኋላ፣ ከስቶና ገርጥቶ፣ ሪፈር ወረቀት ይዞ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። አሜባ መጠርጠሩ ግን ስህተት አይደለም። አሜባ ላለበት ሰው ስቴሮይድ (የአልሰሬቲቭ ኮላይትስን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) መስጠት አደገኛ ስለሆነ የሰገራ ምርመራው መቅደም አለበት።

ማን ይተኛ የሚለውን ለመወሰን ሐኪሞች ዛሬም የሚጠቀሙት ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡትን መስፈርት ነው። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ሰገራ፣ ከዚያ ጋር ትኩሳት፣ ከ90 በላይ የልብ ምት፣ የደም ማነስ ወይም ከፍ ያለ ኢኤስአር (በደም ምርመራ የሚታይ የቁጣ ምልክት) ካለ በሽታው ከባድ ነው።

መጀመሪያ የሚሰጠው በደም ሥር የሚገባ ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ። ሄፓሪንም ይታከላል። እዚህ ላይ አስታማሚ ይደነግጣል፦ «ደም እየፈሰሰው እንዴት ደም ማቅጠኛ ይወጋል?» መደንገጡ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ በሽታ ሲበረታ ደም በእግርና በሳንባ ውስጥ ይረጋል፤ ያ ደግሞ ይገድላል።

ከዚያ ቆጠራው ይቀጥላል። አልጋው አጠገብ ያለች እህት በደብተር ቅዳጅ ላይ ለእያንዳንዱ ሰገራ አንድ ጭረት፣ ደም ካለበት ደግሞ ነጥብ ታደርጋለች። ያቺ ቅዳጅ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች። ከ3 ሕሙማን አንዱ ገደማ በስቴሮይድ አይሻለውም፤ ይህም የሚለየው በሦስተኛው ቀን ነው። ሰገራው በቀን ከ8 ጊዜ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ3 እስከ 8 ሆኖ ሲአርፒ (ሌላው በደም የሚለካ የቁጣ ምልክት) ከ45 ካለፈ፣ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

እዚህ ነው ኢንፍሊክሲማብ የሚመጣው። ስቴሮይድ መላውን የሰውነት መከላከያ ሲያዳክም፣ ይህ ቲኤንኤፍ የተባለውን ቁጣ አቀጣጣይ ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል። መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ብልቃጥ ማለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ሲበጠበጥ ቀስ ተብሎ ይዞራል እንጂ አይናጥም። በ2 ሰዓት ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ከመጀመሪያው ከ2 እና ከ6 ሳምንት በኋላ ይደገማል። በሌላ መንገድ የሚሠራው ሳይክሎስፖሪንም ተቀራራቢ ውጤት አለው። ቬዶሊዙማብ የተባለው ሌላ መድኃኒት አንጀት ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ለዚህ ጥድፊያ አይሆንም።

ኢንፍሊክሲማብ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ቲቢ በሚበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ የደረት ራጅ፣ የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ በገቡበት ቀን መታዘዝ አለበት። በሦስተኛው ቀን ከታዘዘ ውጤቱ እስኪደርስ አንጀቱ አይጠብቅም። መድኃኒቱም ውድ ነው፤ ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ማፈላለግ ቀን ይበላል። የቤተሰቡ ፍለጋም ከመጀመሪያው ቀን ቢጀመር ይሻላል።

ቀዶ ሐኪሙም እንዲሁ ቀድሞ ይጠራ። መድኃኒቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካላሻለው ትልቁ አንጀት ይወጣል፤ ሰገራም ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወርዳል። ለቤተሰብ ከባድ ወሬ ነው። አንጀቱ በበሽታው ከመበሳቱ በፊት የተደረገ ቀዶ ሕክምና ግን በሽተኛውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።